ከመኪናው ያልወረዱት ሽማግሌዎች

አዲስ ዕቃ የሚከበረው ገና ማንም ስላላማረረበት ይመስለኛል። አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ኮፈኑን ያስከፍታል፣ ጎማውን በእግሩ ይመታል፣ ከሥር ተንጋሎ የዘይት ጠብታ ይፈልጋል፣ ሻጩን በልጆቹ ስም ያስምላል። ያው ሰውዬ አዲስ መኪና ሲገዛ ግን የወንበሩን ላስቲክ ለመላጥ እንኳ ይሳሳል። ምን ይጠይቅ? አዲስ እኮ ነው። ይህን ያህል እምነት በሌላ ጉዳይ ላይ ቢኖረን ኖሮ ግማሻችን ገዳም ገብተን ነበር።

ይህን የምለው ተማርሬ እንዳይመስላችሁ። እኔ በአንድ አዲስ ሞዴል መኪና ጉድለት ሚስት ያገኘሁ ሰው ነኝ። የኩባንያውን ስም ግን አልናገርም፤ ባለውለታዬ ነው።

ያን ጊዜ መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ በምትባል ከተማ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ። ዘመኑ ሁሉም የሚገመገምበት ዘመን ነበር። አስተማሪው ይገመገማል፣ የግብርና ባለሙያው ይገመገማል፣ አንድ ጊዜ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ሳይቀር ቆሞ ድክመቱን እንዲናገር ተጠይቆ፣ ቀን ቀን እንቅልፍ እንደሚያሸንፈው፣ ሌሊት ግን ደኅና እንደሚተኛ በግልጽ ተናግሯል። በወረዳው ውስጥ ማንም ደፍሮ ያልገመገመው አንድ ነገር ቢኖር የአጎቴ መኪና ነበር።

አጎቴ ጋሼ ወንድይፍራው የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ሞላሌ ከተማ ባና ይነግዳል። ባና ከመንዝ በግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ልብስ ነው፤ የማያውቅ ሰው አንድ ምሽት ቢለብሰው ሌላ ሰው ላዩ ላይ የተኛበት ይመስለዋል። ጋሼ በዚህ ንግድ ሲጠቀም ከርሞ አንድ ቀን አዲስ አበባ ወርዶ፣ የእንቁላል አስኳል የመሰለች፣ ፋብሪካው ገና በዚያ ዓመት ያወጣትን መኪና ይዞ ተመለሰ። በእኛ አካባቢ ከዚያ በፊት የገባ መኪና ሁሉ ከሌላ ሰው እጅ የመጣ ነበር። ስለዚህ ሞላሌ ሥራ ፈቶ ወጥቶ አየ። ጋሼም ላስቲኩን ሳይልጥ በየደጁ ዞረ።

ሳምንት ሳይሞላ መኪናዋ ጠባይዋን ማሳየት ጀመረች። መሪውን ወደ ግራ ባጠፈ ቁጥር ክላክሷ ራሷ ትጮኻለች። ወደ ቀኝ ሲያጥፍ ዝም ነው፤ ወደ ግራ ሲሆን ግን መሪው እስኪመለስ ድረስ ትለቀዋለች። ጋሼ በዚህ አልደነገጠም። መኪናዋ ዘመናዊ ስለሆነች አደገኛ ኩርባ ስታይ ራሷ ታስጠነቅቃለች ብሎ አስረዳን። ለምን በቀኝ በኩል አደጋ እንደማይታያት ብጠይቀው፣ የባዮሎጂ አስተማሪ ስለ ኩርባ ምን ያውቃል አለኝ።

ሁለተኛው ጠባይዋ መስታወቶቿ ነበሩ። ፍሬን በተያዘ ቁጥር አራቱም ዝቅ ይላሉ። ብዙ አይደለም፤ አፍንጫ የሚያሳልፍ፣ እጅ የማያሳልፍ ያህል ወርደው እዚያው ይቀራሉ። ወደ ላይ የሚመለሱት ሞተሩ ጠፍቶ መኪናዋ በደንብ ከቀዘቀዘች በኋላ ነው። ጋሼ ይህንንም አብራራው። የቆመ ሰው አየር ያስፈልገዋል አለ።

ሦስተኛውን ጠባይዋን ገና አላወቅንም ነበር።

አሁን ወደ ሚስቴ ወደ ትርንጎ ልመለስ። ትርንጎ መሐል ሜዳ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች። የተዋወቅነው ተማሪዎቼን ልትከትብ መጥታ፣ እኔ መርፌውን ሳይ ራሴን ስቼ፣ ከተማሪዎቹ በፊት እኔን ስታነሳ ነው። ከዚያ በኋላ ራሴን ሳልስት ብዙ ተገናኘን፤ ሁለታችንም ተስማማን። የቀሩት አባቷ ነበሩ።

አባቷ መርጌታ ጽጌ ራቤል ከተማ ቅኔ የሚያስተምሩ ትልቅ ሊቅ ናቸው። የታወቁት ግን በቅኔያቸው ብቻ አይደለም፤ ሽማግሌ በማመላለስም ነው። ሽማግሌ ሲመጣባቸው በክብር ይቀበላሉ፣ በጥሞና ያዳምጣሉ፣ ከዚያም ዘመድ አማክሬ እነግራችኋለሁ ብለው ቀጠሮ ይሰጣሉ። በቀጠሮው ቀን ያልተማከረ ዘመድ አይጠፋም። ለትርንጎ ታላቅ እህት የተላኩት ሽማግሌዎች ከመመላለሳቸው ብዛት አንደኛው ራቤል ላይ ማኅበር ገብቶ እዚያው ቀርቷል ይባላል። ትርንጎም ይህን ታውቃለችና፣ እንግዲህ ፀጉርህ ሳይሸብት ከሆነ ጥሩ ነው አለችኝ።

ሽማግሌዎቼን መረጥኩ። አንደኛው የነፍስ አባቴ አባ ተክሌ ናቸው። አባ ተክሌ ውሸት ከአፋቸው አይወጣም፤ ይህ ለሽምግልና ጥሩ ይሁን መጥፎ እስከ ዛሬ አልወሰንኩም። ሁለተኛው ጋሽ ሽፈራው ናቸው። ጡረታ የወጡ ዳኛ ሲሆኑ፣ ንግግር ሲጀምሩ ከሳሽም ተከሳሽም የመጡበትን ይረሱ ነበር። ሦስተኛው ጋሼ ወንድይፍራው ነው። እሱን የመረጥኩት ለሽምግልና ሳይሆን ለመኪናው ነው፤ እሱ ግን ይህን አያውቅም።

ልጅ የሚያገባው ሰው ራሱ ሽማግሌ መሐል እንደማይገኝ ታውቃላችሁ። ነውር ነው። ነገር ግን የመርጌታን ቤት ከእኔ በቀር የሚያውቅ ስላልነበረ፣ እስከ ከተማው መግቢያ አብሬያቸው ሄጄ፣ ቤቱን በጣቴ አሳይቼ፣ እዚያው ወርጄ ልጠብቃቸው ተስማማን። ለእጅ መንሻ ጋሼ አንድ ምርጥ ባና ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ባለው የዕቃ ቦታ ጫነ፤ እኔም ባናው አጠገብ ከዕቃው ጋር ተቀመጥኩ።

መንገዱን ምን ልበላችሁ። የጓሳን ደጋ ዳርቻ ስንይዝ ኩርባው ሁሉ ወደ ግራ የተሠራ ይመስል ነበር። ክላክሱ ያለማቋረጥ ይጮኻል። ሣር ሲነጩ የነበሩ ጭላዳዎች መንጋቸውን ሰብስበው ቁጭ ብለው ያዩን ጀመር። የትልቁ ጭላዳ አስተያየት የትምህርት ቤታችንን ርዕሰ መምህር አስታወሰኝ። አንዲት በግ መንገድ አቋረጠች፤ ጋሼ ፍሬን ያዘ፤ መስታወቶቹ ወረዱ። ከዚያ በኋላ ያለውን የጓሳን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። አባ ተክሌ ጥምጥማቸውን እስከ ቅንድባቸው አወረዱት። ጋሽ ሽፈራው ስንት ቀን ያጠኑት ንግግር ከጥርሳቸው ጋር እየተንቀጫቀጨ መግቢያው እንደጠፋባቸው ነገሩን። ጋሼ ግን አየሩ ንጹሕ መሆኑን አደነቀ።

ራቤል መግቢያ ላይ ቆምን። ቤቱን አሳየኋቸው፤ ልወርድ ወንበሩን አሻግሬ የቅርቤን በር እጀታ ሳብኩ። አልተከፈተም። የጋሽ ሽፈራውም እምቢ አለ። የአባ ተክሌም እንዲሁ። ጋሼ የራሱን በእጁ ሳበ፣ በትከሻው ገፋ፣ ቁልፉን አዟዟረ፣ መጨረሻ ላይ በልመና ድምፅ አናገረው። አራቱም በሮች ተቆልፈዋል። ለካስ መኪናዋ ብርድ ሲነካት ትቆልፋለች። ጋሼ ትንሽ አሰበና፣ ይህ ለተሳፋሪው ደኅንነት የተደረገ ነው አለን። ከማን እንደተጠበቅን አልነገረንም።

አንድ ሰው ከውጭ ቢሞክርልን የሚል ሐሳብ ለማናችንም አልመጣም። አራት ሰው ነን፤ ሦስቱ የተከበሩ ናቸው፤ አንዱ ዲግሪ አለው። በአካባቢው ያለው ደግሞ አንድ የታሰረ በቅሎ ብቻ ነበር።

አስቀድመን ያስያዝነው የቀጠሮ ሰዓት ደርሷል። መርጌታ ቀጠሮ ያሳለፈ ሽማግሌን ዳግም እንደማይቀበሉ የታወቀ ነው። እኔ ተመልሰን እንሂድ አልኩ፤ ጋሽ ሽፈራው ግን በሕይወቴ ችሎት አርፍጄ አላውቅም ብለው ተቆጡ። አባ ተክሌ ወደ ኋላ ዞረው፣ ልጄ እዚያው ተኛና ባናውን ልበስ፤ የቀረውን እግዜር ያውቃል አሉኝ። ተኛሁ። ለበስኩት። ለራሴ ጋብቻ እጅ መንሻ ሆኜ ገባሁ ማለት ነው።

የመርጌታ ግቢ በር መግቢያው በግራ በኩል ነው። ሰፊና ረጅም ግራ። ክላክሱ በዚያ መጠን ሲጮኽ ራቤል ባለሥልጣን የመጣ መስሎት ወጣ። መርጌታም ነጭ ለብሰው፣ ከኋላቸው ተማሪዎቻቸው ተሰልፈው፣ ደጃፋቸው ላይ ቆሙ። ጋሼ ፍሬን ያዘ፤ መስታወቶቹ ዝቅ አሉ።

እንግዲህ ወጉን አስታውሱ። ሽማግሌ ይገባል፤ ተቀመጡ ይባላል፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብሎ ይቆማል። መቆሙ የክብር ነው፤ የልጅቷ አባትም ይህን እያወቀ ይለምናል። የእኛ ሽማግሌዎች ግን መኪና ውስጥ ቁጭ ብለዋል።

መርጌታ ጠበቁ። ማንም አልወረደም። ቀረብ ብለው እንግዶች ግቡ እንጂ አሉ። ከባናው ሥር ሆኜ የጋሽ ሽፈራው ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ፤ አፍንጫቸውን ወደ መስታወቱ ክፍተት ያስጠጉ ነበር። የዳኝነት ዘመናቸው በዚያች ደቂቃ ጠቀማቸው። በረጋ ድምፅ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ ወደ ቤት አንገባም አሉ።

ይህ ደንብ ነውና መርጌታ ፈገግ አሉ። እንግዲያስ ቢያንስ ውረዱና ቆማችሁ ተናገሩ አሉ። አሁን ምን ይባል? ጋሼ ስለ ደኅንነት ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት አባ ተክሌ ቀደሙት። አባ ተክሌ አይዋሹም ብያችኋለሁ። “መርጌታ፣ መውረድ አልተቻለንም” አሉ።

ቃል በቃል እውነት ነው። መርጌታ የሰሙት ግን ሌላ ነው። ሰምና ወርቅ ሲፈቱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሰሙን ጥለው ወርቁን ፍለጋ ገቡ። ሽማግሌ ቆሞ ሲለምን አይተዋል፤ ድንጋይ ተሸክሞ ለእርቅ የመጣም አይተዋል፤ ከተሳፈረበት ሳይወርድ የሚለምን ግን ገና ማየታቸው ነበር። እየተከዙ፣ ምን ቢሆን ትወርዳላችሁ ብለው ጠየቁ። አባ ተክሌ፣ እግዚአብሔር የፈቀደ ዕለት አሉ። ከግቢው አጥር ላይ ያለው ሕዝብ በአንድ ላይ ሲያጉረመርም ተሰማኝ።

ጋሽ ሽፈራው ዕድሉን ሳያባክኑ ንግግራቸውን ጀመሩ። ትንፋሻቸው መስታወቱን ስለሸፈነው ለመርጌታ የሚታየው አፍንጫ ብቻ ነበር። ሆኖም ተናገሩት። ዘሬን ቆጠሩ፣ ትምህርቴን አነሱ፣ ጨዋነቴን መሰከሩ። ጨዋ የተባልኩት ሰውዬ በዚያ ሰዓት የባናው ጠጉር አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ማስነጠሴን ለመያዝ ጡጫዬን ነክሻለሁ። መርጌታ ወደ ኋላ መስታወት መጥተው አጎንብሰው አዩና፣ ይህ የተሸፈነው ምንድን ነው አሉ። ጋሽ ሽፈራው፣ ለእርስዎ ያመጣነው ነው፤ ከተቀበሉን የእርስዎ ነው አሉ። አባ ተክሌም ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ ተብያለሁ።

በዚህ መሐል ነፋሱ በረታ፤ ውርጭ የያዘ ካፊያም ጀመረ። አጥሩ ላይ ከቆሙት አንዲት እናት፣ ቄሱን በብርድ ልትገድሏቸው ነው ወይ ብለው ጮኹ። መርጌታ ወደ ቤት ገቡ፤ ወጡ፤ እንደገና ገቡ። በኋላ እንደሰማሁት ለሚስታቸው ለእማማ አስካለ፣ ከሦስት አፍንጫ ጋር እየተከራከርኩ ነው፤ ሁሉም የጨከኑ ናቸው ብለዋቸው ነበር። በመጨረሻም ደጃፉ ላይ ቆመው፣ ሕዝቡ እየሰማ፣ ልጄን ሰጥቻለሁ፤ በሉ ውረዱ አሉ።

ራቤል እልል አለ። በመርጌታ ቤት በመጀመሪያ ቀን እሺታ ሲሰማ ይህ የመጀመሪያው ነበር። እኔም ባናው ሥር አለቀስኩ፤ ግማሹ በደስታ፣ ግማሹ በጠጉሩ።

ማንም ግን አልወረደም።

መርጌታ ግራ ገባቸው። ሰጠሁ እኮ አሉ። ጋሽ ሽፈራው ወደ አባ ተክሌ አዩ፤ አባ ተክሌ ወደ ሰማይ አዩ። መርጌታ ሌላ የሚፈለግ ነገር አለ ብለው ስለገመቱ፣ የሰርጉን ቀን እናንተ ቁረጡት አሉ። ዝም። ጥሎሽም አልፈልግም አሉ። ዝም። ድግሱንም በእኔ ወገን ላለው ብቻ ሳይሆን ለእናንተም ሰው እኔው እደግሳለሁ አሉ። ያን ጊዜ ጋሼ ወንድይፍራው ዝም ማለት እንደሚያዋጣ ገባውና ሙከራውን ተወ፤ እስከዚያ ድረስ እጀታውን በድብቅ ሲጎትት ነበር። ትንሽ ብንቆይ ኖሮ የመርጌታን በቅሎም ይዘን በተመለስን ነበር።

ትዕግሥታቸው ያለቀው እማማ አስካለ ናቸው። ምን ዓይነት ግትርነት ነው እያሉ ካፊያውን አቋርጠው መጡና የአባ ተክሌን በር ከውጭ ሳቡት። ተከፈተ። እንደ ዶሮ ቤት በር ያለ ምንም ችግር ተከፈተ። አባ ተክሌ በሩን ተደግፈው ስለነበር ተንሸራተው መርጌታ እግር ሥር በጉልበታቸው ዱብ አሉ። መርጌታም ቄስ ተንበርክኮ ሲያመሰግናቸው ሲያዩ እንባቸው መጣ። አንስተው አቅፈው ሳሟቸው። አባ ተክሌ ጉልበታቸው ተልጦ ነበርና እሳቸውም አለቀሱ። የተለየ ውበት ያለው ጊዜ ነበር ይላሉ ያዩት ሁሉ።

ሽማግሌዎቹ ሲገቡ እማማ አስካለ እጅ መንሻውን ሊያወርዱ የኋላውን የዕቃ በር ከፈቱ። ባናውን ገለጥ አደረጉ። እኔን አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ምን ይባላል በእንዲህ ያለ ጊዜ? ጤና ይስጥልኝ አልኩ። እማማ አስካለ ቀስ አድርገው መልሰው ሸፈኑኝ። ከቤት ውስጥ መርጌታ ምን እንዳመጡ ሲጠይቋቸው፣ ባና ነው፤ ደኅና ይመስላል፤ ትንሽ ይናፈስ አሉ። ከዚያ ማንም ሳያይ አንድ ሳህን ቅቅል ከእንጀራ ጋር አመጡልኝ። ከአማት ጋር እንዲህ የተዋወቀ ሰው ካለ ይንገረኝ። በሩን ግን ከውጭ ዘጉት፤ እኔም እስክንሄድ እዚያው ተናፈስኩ።

ሰርጉ አማረ። ቀኑን እኛ ቆረጥን፤ ድግሱን እሳቸው ደገሱ። መርጌታ በየደረሱበት ስለ ሽማግሌዎቼ ጽናት ያወሩ ነበር፤ አንድ ቅኔም ዘርፈውላቸዋል አሉ። ትርንጎ እውነቱን ስነግራት ስቃ ስቃ የምትደገፈው አጥታ መሬት ላይ ተቀመጠች። ለአባባ እንዳትነግር አለችኝ። እኔም አልተናገርኩም። የተናገረው ፋብሪካው ነው።

መጀመሪያ ለጋሼ ተደወለለት። ኔትወርክ ለማግኘት ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ያነጋገራት ልጅ፣ መኪናዎን መልሰው ያምጡ፣ በነፃ እናስተካክላለን፣ ጥፋቱ የእኛ ነው አለችው። ጋሼ በዕድሜው ጥፋቱ የእኛ ነው የሚል መሥሪያ ቤት አጋጥሞት ስለማያውቅ፣ አጭበርባሪ ናት ብሎ ዘጋባት። መኪናዋንም ሊወስዱብኝ ነው ብሎ ሰግቶ ገለባ ክምር ሥር ደበቃት። ቀጥሎ ኩባንያው በሬዲዮ ተናገረ። ማንም ሳይገመግመው ራሱን ገምግሞ፣ የዚህ ሞዴል መኪናዎች ወደ ግራ ሲዞሩ ክላክሳቸው ይጮኻል፣ ፍሬን ሲያዝ መስታወታቸው ይወርዳል፣ በብርዳማ አካባቢ በራቸው ከውስጥ አይከፈትም፤ ስለዚህ ሁሉንም ለጥገና መልሰን ጠርተናል አለ።

መርጌታ ሬዲዮ ያዳምጣሉ።

በማግስቱ አውቶቡስ ይዘው መሐል ሜዳ መጡ። ወደ እኔ አልመጡም፤ ቀጥታ አባ ተክሌ ዘንድ ሄዱ። ያን ዕለት መውረድ አልተቻለንም ያሉኝ ምን ማለትዎ ነበር ብለው ጠየቋቸው። አባ ተክሌም፣ መውረድ አልተቻለንም ማለቴ ነበር አሉ። አንድ ሊቅ ወርቅ ሲፈልግ ኖሮ ሰም ብቻ እንደነበረ ሲያውቅ ምን እንደሚሰማው እኔ ባለ ባዮሎጂው አላውቅም።

ማታ ቤቴ መጡ። ከባናው ሥር የነበረውንም አባ ተክሌ ሳይጠየቁ ነግረዋቸዋል። ተነስቼ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። አልተቆጡም፤ ያ ነው ያስፈራኝ። ትርንጎ ያኔ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበር። ወደ እሷ አዩና፣ ልጄ ምንም ጉድለት የለባትም፣ እዚያው ትቆይ አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ፋብሪካው ብረቱን ከጠራ እኔም ቃሌን ጠርቻለሁ፤ ሽማግሌዎችህ እንደገና ይምጡ፣ በወጉ ወርደው፣ በወጉ ቆመው ይጠይቁኝ አሉ።

ጋሼ መኪናዋን ከገለባው አውጥቶ አዲስ አበባ ወሰዳት። ተስተካክላ ስትመለስ በግራም በቀኝም ዝም ብላ ትዞራለች፤ ጋሼ ግን ቅር ብሎት ነበር። ሞላሌ ሲገባ ቀና ብሎ የሚያየው ሰው ቀነሰ፤ መካኒኩንም ክላክሱን ብቻ እንደነበረ ሊመልስለት ይችል እንደሆነ ጠይቆት ነበር። ሦስቱ ሽማግሌዎች በዚያች መኪና ራቤል ተመለሱ። በሮቹ ተከፈቱ። ወረዱ። ገቡ። መርጌታ ተቀመጡ አላሏቸውም። ጋሽ ሽፈራው ንግግራቸውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አደረጉ፤ ተደገም ተባሉ፤ ደገሙት። አባ ተክሌ መቆም አቅቷቸው ግድግዳውን ሲደገፉ መርጌታ አመሰገኗቸውና፣ በደንብ ሰምቻለሁ፣ ዘመድ አማክሬ እነግራችኋለሁ ብለው ቀጠሮ ሰጡ።

ይኸው ትርንጎ ስንጣላ፣ አንተ እኮ ገና ቀጠሮ ላይ ነህ ትለኛለች። ሦስት ልጆች ወልደናል። የሦስተኛው ክርስትና ዕለት መርጌታ ሕፃኑን አቅፈው፣ መርቀው፣ ስም አውጥተው፣ ደስ ብሏቸው ሲጫወቱ አባ ተክሌ ጊዜው ነው ብለው ጠጋ አሉና የዚያ የዘመድ ምክክር ጉዳይ ከምን እንደደረሰ በትሕትና ጠየቋቸው።

መርጌታ የልጅ ልጃቸውን በጉልበታቸው ላይ እያመቻቹ፣ ሊያልቅ ነው፣ መርሐቤቴ ያለ አንድ አጎት ብቻ ይቀራል አሏቸው።